ለአንድ ቋንቋ የተከፈለ ዋጋ፦ የኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ሕይወት

ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ስንታጠፍ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው በድንጋይ አጥር በተከበበው ክብ ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተጠናቀቀ። ዓመታቱን ሁሉ እዚህ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በበሩ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል፤ ጎዳናውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ የቤተ እስራኤል ልጆች ለጸሎት አንገባበትም። ቢሆንም በአጠገቡ ስናልፍ ከመነኮሳቱ ጋር በአማርኛ ሰላም እንባባላለን። የግዕዙ ዜማ ከውስጥ ሲሰማም ቄሶቻችን በሲግድ ቀን የሚያሰሙትን ግዕዝ ያስታውሰናል።

በዚያው ጎዳና፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ 11 ቁጥር ላይ አንድ አሮጌ ቤት አለ። ብዙዎቻችን ቀና ብለን ሳናየው እናልፋለን። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው የመታሰቢያ ሰሌዳ በተደጋጋሚ ተነቅሎ ተወስዷል። እዚያ የኖረው ሰው ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የሚቆጡበት ሰዎች ግን ዛሬም አልጠፉም። ስሙ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ነው። በእስራኤል በስሙ የተጠራ መንገድ የሌለበት ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ወላጆቻችን ኡልፓን ገብተው የተማሩት፣ እኛም ዩኒቨርሲቲ ፈተና የምንጽፍበት ዕብራይስጥ የቤትና የገበያ ቋንቋ እንዲሆን ከማንም በላይ የታገለው እሱ ነው።

በዚህ እትም ሕይወቱን ልንተርክ የተነሣነው ግን እሱን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ከትምህርት በኋላ ቁጭ ብለን ስንጫወት የማይቀር አንድ ጥያቄ አለን። ሰው የሚኖርለት ዓላማ ሊኖረው ይገባል እንላለን፤ ወላጆቻችንም ይህንኑ እየነገሩ አሳድገውናል። ዓላማ ያለው ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ግን ከራሱ ነው ወይስ አጠገቡ ካሉት? ሕሊናስ ሂሳቡን እንዴት ይይዘዋል? ይህን ጥያቄ ከዚህ ቤት ጌታ ሕይወት በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ አላገኘንም።

የሉዝኪ ልጅ

የተወለደው በጥር 1858 በሉዝኪ ነው። ሉዝኪ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር የነበረች፣ ዛሬ በቤላሩስ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የልደት ስሙ ኤሊዔዘር ይስሐቅ ፐርልማን ነበር። አባቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞቱት እሱ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። እንደ ማንኛውም የአይሁድ ልጅ ዕብራይስጥን የተማረው ለጸሎትና ለኦሪት ነው። ቤት ውስጥ የሚነገረው ይዲሽ ነበር፤ ለእንጀራና ለውኃ ዕብራይስጥ የሚናገር አልነበረም። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን በጎንደርና በትግራይ መንደሮች በአማርኛና በትግርኛ እየተጨዋወቱ በግዕዝ ይጸልዩ ነበር። ግዕዝ የጸሎት ቤት ቋንቋ ነው፤ በግዕዝ ልጁን ለምሳ የሚጠራ አልነበረም።

ለትምህርት በተላከበት በፖሎትስክ የሺቫ የነበሩት መምህር በስውር የአዲሱን ዘመን እውቀት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ለልጁ የሮቢንሰን ክሩሶን ታሪክ በዕብራይስጥ ተተርጉሞ አሳዩት። በባዶ ደሴት ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ቤት ሲሠራ፣ ፍየል ሲያረባ፣ ሲፈራና ሲደሰት፣ ይህ ሁሉ በኦሪት ቋንቋ ተጽፎ ማየት ለዚያ ልጅ ተአምር ነበር። ቋንቋው ከመጽሐፍ ወጥቶ በእግሩ መሄድ እንደሚችል ያኔ ገባው። አጎቱ ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያነብ ቢያገኙት ከቤት አባረሩት።

መንገድ ላይ የቀረውን ወጣት ግሉቦኮዬ በምትባል ከተማ የዮናስ ቤተሰብ አስጠጋው። የቤቱ ታላቅ ልጅ ዴቮራ ሩሲያኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ አስተማረችው። በእነዚህ ቋንቋዎች ነው ዓለማዊ ትምህርት ቤት ለመግባት የበቃው። ይህን ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። በኋላ በቤቱ ውስጥ ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ የከለከለው ሰው፣ የዓለምን በር የከፈተችለት በሌሎች ቋንቋዎች ያስተማረችው ሴት ናት።

ሐሳቡ እንዴት መጣ

በ1877 ሩሲያና ቱርክ ጦርነት ገጠሙ። የቡልጋሪያ ሕዝብ ከዘመናት በኋላ ነፃነቱን ሲያገኝ ጋዜጣ እያነበበ የሚከታተለው ወጣት አንድ ነገር በልቡ ተፀነሰ። ቡልጋሪያውያን አገርና ቋንቋ ካገኙ፣ እስራኤል ለምን አያገኝም? በሚቀጥለው ዓመት ሕክምና ለመማር ፓሪስ ሄደ። በ1879 ሐሳቡን በጽሑፍ አወጣ። በሥሩም ቤን ይሁዳ ብሎ ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው።

የስሙ ነገር እኛን ያቆመናል። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በመጡ ሰሞን የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸዋል። አንዳንዶቹ ወደዱት፤ ሌሎቹ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም መልሰው ያዙ። ቤን ይሁዳ ስሙን የለወጠው በገዛ ፈቃዱ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነው። ስም ሰው ሲመርጠው ሌላ ነው፤ ሲመረጥለት ደግሞ ሌላ። በእሱም ቤት ስማቸው የተመረጠላቸው እንደነበሩ ወደፊት እናያለን።

በፓሪስ አባቱን የገደለው በሽታ ያዘው፤ ደም መትፋት ጀመረ። ለሕመሙ ሞቃት አገር ይሻላል ተብሎ ክረምቱን በአልጀርስ አሳለፈ። እዚያ የአገሩ አይሁዶች ከእሱ ጋር የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበራቸው በዕብራይስጥ አነጋገሩት። የእነሱ አነባበብ ወደደው፤ በኋላ ለአዲሱ ንግግር የመረጠውም ይህንኑ የሴፋርዲም አነባበብ ነው። ሕክምናውን ሳይጨርስ ተወው። ዕድሜው አጭር እንደሚሆን አምኖ ነበርና ጊዜውን ለአንድ ነገር ብቻ ሊያውለው ቆረጠ።

በ1881 ዴቮራን አግብቶ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ አንድ ቃል አስገባት፤ ከእንግዲህ በመካከላቸው የሚነገረው ዕብራይስጥ ብቻ ይሆናል። ዴቮራ ብዙ ቋንቋ ብታውቅም ያን ጊዜ ዕብራይስጧ ጥቂት ነበር። ሦስት ቋንቋ አቀላጥፋ የምትናገር ሴት፣ ወደማታውቀው አገር መጥታ፣ ከባሏ ጋር እንደ ሕፃን በተሰባበረ ቃል መነጋገር ጀመረች።

አፉ የዘገየ ልጅ

በሐምሌ 1882 የመጀመሪያ ልጃቸው ቤን ጽዮን ተወለደ። አባትየው ይህ ልጅ ከብዙ ትውልድ በኋላ በዕብራይስጥ ብቻ አፉን የሚፈታ የመጀመሪያው ሰው እንዲሆን ወሰነ። ሌላ ቋንቋ ወደ ጆሮው እንዳይገባ ከጎረቤት ልጆች ጋር አይጫወትም ነበር። እንግዳ ሲመጣም ልጁ ፊት በሌላ ቋንቋ አይናገርም። ዴቮራ ደካማ ብትሆንም ሌላ ቋንቋ የምትናገር አጋዥ ቤት እንድትገባ ባለቤቷ አልፈቀደም።

ልጁ ሁለት ዓመት ሞላው፤ አልተናገረም። ሦስት ሞላው፤ አልተናገረም። ወዳጆች ልጁ ዱዳ ሊሆን ነው ብለው ፈሩ። አባትየው ግን ከቃሉ ፈቀቅ አላለም። ልጁ አድጎ እንደተረከው፣ አንድ ቀን አባቱ ቤት በሌለበት ሰዓት እናቱ ጉሮሮዋን ለቅቃ በሩሲያኛ እሹሩሩ ትለው ነበር፤ በልጅነቷ እሷም የሰማችውን ዜማ። አባትየው ድንገት ደረሰ። ቁጣው ቤቱን አናወጠው፤ እናቲቱ አለቀሰች። የልጁም አፍ የተፈታው በዚያ ድንጋጤ መካከል ነው። አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው።

አማርኛችን አፍ መፍቻ ቋንቋ ይላል። የዚህ ልጅ አፍ ታስሮ ቆይቶ በለቅሶ ተፈታ። ድሉን የሚተርኩ መጻሕፍት ይህን ሰዓት የአዲሱ ዕብራይስጥ ልደት አድርገው ያነሡታል። በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት የምንቀመጥ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር እናይበታለን። ስለ ቤተሰብ በተነሣ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት በምሳሌነት ቢቀርብልን፣ ልጁ እንዴት ነው፣ እናትየዋን ማን ያናግራታል ብለን በጠየቅን ነበር። ሁለቱም እይታ እውነት አለው፤ አንዱን አንሥተን ሌላውን ለመጣል አንቸኩል።

እንጀራ፣ ጋዜጣና ውግዘት

ቤን ይሁዳ በኢየሩሳሌም መጀመሪያ ያገኘው ሥራ መምህርነት ነው። ዕብራይስጥን በዕብራይስጥ ብቻ ላስተምር ብሎ ነው የተቀጠረው፤ ሕመሙ ግን ብዙ አላስቆየውም። በ1884 ሃጽቪ የሚባል ጋዜጣ ጀመረ። ለዘመኑ ነገር የሚሆን ቃል ሲያጣ ራሱ ይፈጥራል፤ በጋዜጣው ያወጣዋል፤ ቤቱም ውስጥ በልጆቹ አፍ ይሞክረዋል። ሚሎን የምንለው መዝገበ ቃላት፣ ቡባ የምንለው አሻንጉሊት፣ ማጌቬት የምንለው ፎጣ፣ ሚቭሬሼት የምንለው ብሩሽ፣ ግሊዳ የምንለው አይስክሬም የእሱ ልጆች ናቸው። ሁሉም አልተሳካለትም። ለቲማቲም ከዐረብኛ ወስዶ ባዱራ ብሎ ነበር። ሕዝቡ የሌላ ሰው ቃል የሆነውን አግቫኒያን መረጠ፤ እሱም ቃሉን ነውር አለበት ብሎ እስከ መጨረሻው ሳይወደው ቀረ። ገበያ የወጣች እናት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አትታዘዝም።

ቋንቋውን ያነሣው እሱ ብቻ እንዳልሆነም መናገር ተገቢ ነው። ከ1886 ጀምሮ በሪሾን ሌጽዮን በዕብራይስጥ ያስተማሩ መምህራን ነበሩ። በ1890 የቋንቋውን ኮሚቴ ሲያቋቁም ዴቪድ የሊንና ሌሎችም አብረውት ነበሩ። የእሱን ድርሻ ልዩ የሚያደርገው፣ ሌላው ሰው በትምህርት ቤት የሚሞክረውን እሱ ወደ ጓዳውና ወደ ሕፃኑ አልጋ ይዞት መግባቱ ነው።

ጠላቱም ብዙ ነበር። ለኢየሩሳሌም ጥብቅ ሃይማኖተኞች ዕብራይስጥ የተቀደሰ ቋንቋ ነው፤ በእሱ ስለ ድንችና ስለ ጫማ መነጋገር ማርከስ ነበር። ከዚህም በላይ ጋዜጣው በውጭ ካሉ አይሁዶች በሚላከው የምጽዋት ገንዘብ አከፋፈል ላይ ይጽፍ ነበር። የከተማይቱ አይሁድ አብዛኛው የሚኖረው በዚያ ገንዘብ ነው። ቤን ይሁዳ ግን ሰው በእጁ ሥራ ይኑር፣ ገንዘቡም በግልጽ ይከፋፈል ብሎ ሞገተ። እንጀራቸው የተነካባቸው ሰዎች አወገዙት።

እዚህ ላይ ስለ ጠባዩ ደስ የማይል ነገርም እናነሣለን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሃይማኖተኞቹን ለማቅረብ ብሎ ጢሙን አሳድጎ እንደ እነሱ ለብሶ ነበር፤ ዴቮራንም እንደ እነሱ ሴቶች ፀጉሯን እንድትሸፍን አድርጓታል። እንደማይቀበሉት ሲያውቅ ሁሉንም ተወው። ለወዳጆቹ ይህ ብልሃት ነበር፤ ለተቃዋሚዎቹ ግን ማታለል። የእኛ ሽማግሌዎች ሰው የሚታወቀው ማንም በማያየው ቦታ በሚያደርገው ነው ሲሉ እንሰማለን። ቤን ይሁዳ ማንም በማያየው ቦታም ለዕብራይስጥ ታማኝ ነበር። ለሌላው ነገር ሁሉ ግን ዕብራይስጡን እስከጠቀመው ድረስ ብቻ ነበር ታማኝነቱ።

የዴቮራ ሞት

ዴቮራ አምስት ልጆች ወለደች። የቤቱ ችግር ከባድ ነበር፤ ጋዜጣው የሚያስገባው ገንዘብ ለወረቀቱም አይበቃም ነበር። የባሏን ሕመም አስታመመች፤ በመጨረሻም ሳንባ ነቀርሳው ወደ እሷ ተላለፈ። በ1891 ሞተች። ብዙም ሳይቆይ በከተማይቱ በገባው ወረርሽኝ ከልጆቿ ሦስቱ ተከታትለው ሞቱ። ከአምስቱ የቀሩት ቤን ጽዮንና እኅቱ ይሚማ ናቸው።

ስለ ቤን ይሁዳ በትምህርት ቤት ስንማር የዴቮራ ስም በአንድ መስመር ታልፋለች። እኛ ግን ከአንድ መስመር በላይ ይገባታል እንላለን። ከልጇ ጋር የተጫወተችው እያጠናችው ባለ ቋንቋ ነው። በዕብራይስጥ ልጅ ያሳደገች የመጀመሪያዋ እናት ተብላ ስትጠራ ክብር ነው፤ ለእሷ ግን ያ ክብር በየቀኑ ብቸኝነት ነበር። ደብዳቤ ለመጻፍ እንኳ ምን ያህል ትናፍቅ እንደነበር ማሰብ አያዳግተንም፤ ከእናቶቻችን ጋር ያደግን ነንና። በማያውቁት ቋንቋ መካከል ተቀምጠው፣ ሁሉ እየገባቸው መመለስ እያቃታቸው፣ ፈገግ ብለው ዝም የሚሉ እናቶች አሉን።

በሚቀጥለው ዓመት የዴቮራ ታናሽ እኅት፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ፓውላ፣ መጥታ ቤን ይሁዳን አገባች። ሞት ወደጎበኘው፣ በሽታ ወዳለበት፣ ገንዘብ ወደሌለበት ቤት እያወቀች ነው የገባችው። ስሟም ተለውጦ ሔምዳ ሆነች። ቤን ጽዮንም አድጎ ኢታማር ቤን አቪ በሚል ስም ታወቀ፤ አቪ የአባቱ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው፤ አባቴ ማለትም ነው። ልጁ በስሙ እንኳ ከአባቱ ጥላ አልወጣም።

በ1893 መጨረሻ በሐኑካ ሰሞን አማቱ በሃጽቪ የጻፉት ጽሑፍ መዘዝ አመጣ። ስለ መቃብያን የተጻፈውን አንድ ሐረግ ተቃዋሚዎቹ በቱርክ መንግሥት ላይ አመፅ እንደሚቀሰቅስ አድርገው ለባለሥልጣናቱ አስረዱ። ቤን ይሁዳ ታሰረ፤ አንድ ዓመት ተፈረደበት። በዋስ ወጥቶ ይግባኝ ብሎ ነፃ ቢባልም ጋዜጣው ለአንድ ዓመት ተዘጋ። አይሁዳዊ አይሁዳዊን ለባዕድ መንግሥት አሳልፎ ሰጠ ተብሎ የተነገረው ይህ ታሪክ በኢየሩሳሌም ብዙ ዓመት አልተረሳም።

አሥራ ሰባቱ ቅጽ

ከዚያ በኋላ የቀረው ዕድሜው በአብዛኛው ለአንድ ሥራ ዋለ፤ የጥንቱንም የአዲሱንም ዕብራይስጥ የያዘ ትልቅ መዝገበ ቃላት። በቀን እስከ 18 ሰዓት ይሠራ እንደነበር ይነገራል። እያንዳንዱን ቃል ከኦሪት፣ ከታልሙድ፣ ከመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች እየለቀመ፣ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት እየዞረ ሰበሰበ። የመጀመሪያው ቅጽ የታተመው በ1908 ነው። ሔምዳ ባትኖር ይህ ሥራ ባልታየ ነበር፤ ገንዘብ የምትለምነው፣ ከአሳታሚ ጋር የምትከራከረው፣ ጋዜጣው ላይ የምትጽፈው እሷ ናት።

ይህም ሰው ቢሆን ሁልጊዜ አልተስተካከለለትም። በ1903 ለአይሁድ ሕዝብ በምሥራቅ አፍሪካ መሬት ይሰጥ የሚለው የዩጋንዳ ዕቅድ ሲነሣ ደግፎ ጻፈ። በኢየሩሳሌም ተቀምጦ ለዕብራይስጥ የሚሞት ሰው ሕዝቡ ሌላ አገር ይሂድ ማለቱ ብዙዎችን አሳዘነ። ለእሱ ግን በሩሲያ የሚገደሉት ወገኖቹ ሕይወት ይቀድም ነበር። በ1913 ደግሞ በሃይፋ የሚከፈተው ቴክኒዮን በጀርመንኛ ያስተምር ሲባል መምህራንና ተማሪዎች ተነሡ፤ ቤን ይሁዳም ከእነሱ ጋር ቆመ። ዛሬ በዚያው ተቋም በዕብራይስጥ የሚማሩ ልጆቻችን የዚያ ትግል ወራሾች ናቸው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ከቤተሰቡ ጋር ኒው ዮርክ ሄዶ እዚያ ባለው ቤተ መጻሕፍት መዝገበ ቃላቱን ቀጠለ። በ1919 ተመለሰ። በ1922 የመንግሥታቱ ማኅበር ባጸደቀው የእንግሊዝ ሞግዚትነት ሰነድ ዕብራይስጥ ከእንግሊዝኛና ከዐረብኛ ጋር የአገሩ ሕጋዊ ቋንቋ ተባለ። ፓሪስ ላይ ደም ሲተፋ ብዙ አልኖርም ያለው ሰው ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሮ ይህን ቀን አየ።

በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ 16፣ በሐኑካ ሰሞን በሰንበት ቀን በ64 ዓመቱ ሞተ። በደብረ ዘይት ተራራ ሲቀበር ቀባሪው 30,000 ያህል እንደነበር ይነገራል። መዝገበ ቃላቱን ሔምዳ፣ ልጁ ኤሁድና ሌሎች ሊቃውንት ቀጠሉት። ሔምዳ በ1951 ሞተች። አሥራ ሰባተኛው ቅጽ የወጣው በ1959 ነው፤ እሷም ሳታየው።

ሂሳቡ በማን እጅ ነው?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ይህ ሰው ያለ ዓላማ ኖረ የሚል የለም። ዓላማው ባይሆን ምናልባት ከየመን፣ ከፖላንድ፣ ከሞሮኮና ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ዛሬ አንድ አዳራሽ ተቀምጠን የምንግባባበት ቋንቋ ባልኖረን ነበር። ስለዚህ እኛ የዚህ ሰው ባለ ዕዳዎች ነን። ዕዳችን ግን ለእሱ ብቻ አይደለም። እሹሩሩዋን ላቋረጠች እናት፣ አራት ዓመት ዝም ላለ ልጅ፣ መጨረሻውን ላላየች ሁለተኛ ሚስትም ነው።

ሕሊና ምን እንደሆነ ስንጨቃጨቅ የደረስንበት ይህ ነው። ሕሊና ዓላማህን ተው አይልም። ዋጋውን ማን እየከፈለ እንደሆነ ዘወር ብለህ እይ፣ ስሙንም ጥራ ይላል። ቤን ይሁዳ ራሱን አልቆጠበም፤ ረኀቡንም በሽታውንም እስራቱንም ከቤተሰቡ ጋር ተካፍሏል። ከዚህ የተነሣ በደለኛ ብለን አንፈርድበትም። ነገር ግን ራሱ መሥዋዕት የሆነ ሰው ሌላውን መሥዋዕት ለማድረግ መብት ያገኘ ይመስለዋል። ጥሩ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሥራችን ቤተሰብ ውስጥ የሚያስገባን እኛ ይህን ፈተና ልናውቀው ይገባናል፤ ለበጎ ነገር የሚሮጥ ሰው እግሩ ሥር ያለውን አያይም።

በእኛ ቤት ታሪኩ ዞሮ መጥቷል። ብዙዎቻችን ሰባትና ስምንት ዓመት ሳለን ለእናቶቻችን ሐኪም ፊት አስተርጓሚ ሆነናል። ሕፃን ልጅ ሊሰማው የማይገባውን የእናቱን ሕመም በአፉ አሳልፏል። ዕብራይስጣችን በፈጠነ ቁጥር አማርኛችንና ትግርኛችን ቀነሰ። አያቶቻችን ታሪክ ሲጀምሩ ግማሹ እያመለጠን፣ ደግመን መጠየቅ እያሳፈረን፣ እነሱም መድከማችንን አይተው አሳጥረው ይጨርሱታል። በቤቱ ጌታ ቁጣ የዘፈን ድምፅ የተቋረጠበት አንድ ቤት ነበር። የእኛው ቤት ዘፈን የተቋረጠው ግን ማንም ሳይቆጣ ነው። ወላጆቻችን በፈቃዳቸው ዝም አሉ፤ እኛ እንድንናገር ብለው። በዩኒቨርሲቲ ከቤተሰባችን የመጀመሪያ ስንሆን ሰዎች የእኛን ጉብዝና ያነሣሉ። ዋጋውን ከከፈሉት ግን ብዙዎቹ ስማቸው በዲግሪው ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ስለዚህ ከቤን ይሁዳ ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛው እልኹ ነው። ጸሎት ቤት ብቻ የቀረ ቋንቋ ወደ ጓዳ መመለስ እንደሚችል አሳይቷል። እሱ ከአንድ ቤት ጀምሮ ይህን ካደረገ፣ እኛ ገና በሕይወት ያለውን፣ እናቶቻችን የሚያልሙበትን ቋንቋ ለልጆቻችን ማቆየት አቃተን ብንል ማን ያምነናል? ሁለተኛው ደግሞ የእሱ ስሕተት ነው። አንዱን ቋንቋ ለማሳደግ ሌላውን ማፈን አያስፈልግም። የልጅ ጆሮ ለሁለትም ለሦስትም ይበቃል፤ የዴቮራም ጆሮ ለዚያ ምስክር ነበር።

ቤን ይሁዳ በመጨረሻ ዘመኑ በታልፒዮት ሰፈር ቤት አሠርቶ ነበር፤ ሳይገባበት ሞተ። ያ ሰፈር በየዓመቱ ሲግድን ከምናከብርበት ከአርሞን ሃናጺቭ መናፈሻ ሩቅ አይደለም። ቄሶቻችን ጥላ ዘርግተው በግዕዝ ሲጸልዩ፣ ሕዝቡ በአማርኛና በትግርኛ አሜን ሲል፣ ልጆች ደግሞ በዕብራይስጥ ሲሯሯጡ፣ ሦስቱም ቋንቋ በአንድ ኮረብታ ላይ አየር ይካፈላሉ። እሱ ይህን ቢያይ ደስ ይለው እንደሆነ አንገምትም። ዴቮራ ብታየው ግን ጉሮሮዋን ለቅቃ ትዘፍን ነበር ብለን እናምናለን።

ስለ መጨረሻው ሰዓቱ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። ሞት ሲደርስበት ጠረጴዛው ላይ የነበረው፣ ይሠራበት የነበረው ቃል ኔፌሽ ነው ይባላል። ለእኛ ትርጉም አያሻውም፤ በግዕዝም በአማርኛም ነፍስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቃላት ሲመዝን የኖረ ሰው ሳይጨርሰው የሄደው ቃል ይህ ከሆነ፣ ሥራው ለተተኪዎቹ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ቀርቷል። በኢትዮጵያ ጎዳና ስናልፍ ቀና ብለን 11 ቁጥርን እንየው። ከዚያ ቤት ስንደርስ ለእናታችን ወይም ለአያታችን ስልክ እንደውል፤ በሚመቻቸው ቋንቋ እናናግራቸው፤ የጀመሩትንም ታሪክ ሳያሳጥሩ እስኪጨርሱ እንስማቸው።